ሉል የለበሰ ብረት

መጋቢት 4

ሚጣዬ፣

የላክሽው ዕቃ ደርሷል። ሰላምታውን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ክብርሽን ንቄ አይደለም፤ ዕቃውን ካየሁ ወዲህ አንቺን ከመሳሜ በፊት ጆሮሽን መቆንጠጥ ስላማረኝ ነው። ይኸው ቆነጠጥኩሽ። አሁን ልሳምሽ። ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? የትኬት መስኮትሽ ዛሬም ንፋስ ያስገባል ወይስ የባቡር ጣቢያው አለቆች አፍረው መስታወቱን አስጠገኑልሽ? በስልክ የመናገሪያ ፋታ አትሰጪኝም፣ ከፈለግሽ ጻፊልኝ ስላልሽ ይኸው እየጻፍኩ ነው። በወረቀት ላይ ደግሞ ማን ፋታ እንደሚሰጥሽ እናያለን።

ወደ ጉዳዩ። ካርቶኑን ስከፍት ሌላ ካርቶን፣ እሱን ስከፍት ጥጥ፣ ጥጡን ስገልጥ የውሻ ሰንሰለት። ለውሻም ቢሆን ለድሃ ውሻ ነው። አንቺ ግን «የሕክምና ጌጥ ነው፣ እዚህ ስንቱ ያደርገዋል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሙሽራ ሳለብስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጌጥ ማለት እጅ ከፍ ሲል ዓይን ይዞ ከፍ የሚል ነገር ነው። ይሄ የሻንጣ ምልክት ነው። ሻንጣ ላይ እንኳ የሚጽፉት መሄጃውን ነው እንጂ ውስጡ ምን እንደተሰበረ አይደለም።

ጽሑፉንማ ምን ልበልሽ። «የልብ ሕመም አለብኝ። ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ለእህቴ ደውሉ» ይልና የአንቺ ስልክ ቁጥር። የኔ ስም የት አለ? ቦታ አልበቃም አልሽ። ለበሽታዬ የበቃ ቦታ ለስሜ ጠበበ ማለት ነው።

ያንን ልጅ ዶክተር መስማትሽን ደግሞ ተይ። ጢሙ ልውጣ ወይስ ልቅር እያለ ገና የሚማከር ልጅ ነው። «ልብዎ አልፎ አልፎ ምቱን ይስታል። ደም እንዳይረጋ ይህን ክኒን ይውሰዱ። ከወደቁ ግን ደምዎ ቶሎ አይቆምም፤ የሚያክምዎት ሰው ይህን ካላወቀ ሊሞቱ ይችላሉ» አለኝ፣ ሞቴን የነገረኝ ሳይሆን የአውቶቡስ ፌርማታ ያሳየኝ ይመስል። ክኒኑን እውጣለሁ፤ በዚያ አትጠርጥሪኝ። ሰንሰለቱን ግን አላደርገውም።

ደግሞ ማስጠላቱ ብቻ አይደለም። የሱቃችን እመቤት ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ነው፤ ከእኛ ሱቅ ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ሦስት የመለኪያ ክፍል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። የአዲሱ ሱቅ ቁልፍና ኃላፊነት ከሁለታችን ለአንዳችን ነው፤ ወይ ለእኔ ወይ ለልብስ ተኳሿ። ይህችን ሴት ከኋላዋ ሁላችንም ካውያ ነው የምንላት፤ ሲሞቃት የምትተነፍሰው አንዴ «ፉስ» ብላ ነው፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ የላትም። ከሷ ጋር መወዳደሬ ራሱ ስድብ ነው። ነገር ግን እመቤቲቱ በሽተኛ አትወድም። የልብስ ቁልፍ ትተክል የነበረችው ልጅ አንድ ቀን ቬሎዎቹ መሃል ራሷን ሳተች፤ በዚያው ሳምንት «ሙሽራን ጤነኛ እጅ ነው የሚያለብሳት» ተብላ ሄደች። እና አሁን እኔ እጄ ላይ «የልብ ሕመም» የሚል ጽፌ የሙሽራ ዚፕ ልዝጋ?

ሰንሰለቱ የልብስ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጎዶሎ ከሆኑት ቁልፎች ጋር። እዚያ ጓደኛ አያጣም።

ስሞ የማይጠግብሽ፣
ታላቅሽ

መጋቢት 29

ሚጣዬ፣

«ታደርጊዋለሽ ወይስ አታደርጊውም፣ በአንድ ቃል መልሺልኝ» ብለሻል። ከአፌ አንድ ቃል ብቻውን ወጥቶ ያውቃል? ብቻውን ቢወጣስ የት ይደርሳል፣ ይጠፋል እንጂ።

ደግሞ ጽሕፈቴ ለምን እንደተንጋደደ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ምንም አልሆንኩም። ከላይኛው መደርደሪያ ባለ ረጅም ጭራውን ቬሎ ሳወርድ ከመሰላሉ ትንሽ ቸኩዬ ወረድኩ። መሬቱ ቀድሞ ጠበቀኝ። ክንዴ ላይ የወጣው ሰንበር ግን አለልሽ፣ የበሰለ ወይን መስሎ እስከ ክርኔ ወረደ። ረጅም እጅጌ ለብሼ ነው የሰነበትኩት። ማንም አላየም። ለዶክተሩም አልነገርኩትም፤ ደስ ይለዋል።

አሁን ከመጮህሽ በፊት ደስ የሚልሽን ልንገርሽ፤ አድርጌዋለሁ።

እንዴት መሰለሽ። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ ያንን አስቀያሚ ብረት አየሁት፣ እሱም አየኝ። ተናናቅን። ከዚያ ነጭ ሳቲን ቆርጬ ሰንሰለቱን ለበጥኩት፣ ከላዩ ላይ ከተቀደደ ቬሎ የተረፈ ሉል በሁለት ረድፍ ሰፋሁበት፣ ጽሑፉ ያለበትን ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ በአንዲት ትንሽ አበባ ሸፈንኩት። አበባዋን ቀና ካላደረጉ ጽሑፍ እንዳለ አይታወቅም። ያ ለድሃ ውሻ አንገት እንኳ የማይመጥን ነገር አሁን የንግሥት እጅ ላይ ቢያዩት ማንም አይደነቅም። እንዲህ ነው ጌጥ። የሠሩት ሰዎች ቢያዩት አፍረው ሙያ ይቀይሩ ነበር።

እመቤቲቱ ገና እንዳየችው «ከየት አመጣሽው? ያምራል» አለች። ይህች ሴት «ያምራል» የምትለው ስትሸጥ ብቻ ነው። ካውያም አየችና «ፉስ» አለች።

ሐኪም አበባዋን ካላነሳ እንዴት ያነባል ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ሐኪም አይደል፤ ይፈልግ። ለዚያ አይደል የተማረው።

ልብስ ስለካ ግን አወልቀዋለሁ። ይሄ የእኔ ሰበብ ሳይሆን የቤቱ ሕግ ነው፤ ቱል በሚባለው ስስ የቬሎ ጨርቅ ላይ ሥራ ሲያዝ በእጅ ላይ ቀለበትም አምባርም ሰዓትም አይደረግም፣ አንዴ ከያዘ ቀደደ ማለት ነው። የሁላችንም ወልቆ ከሚከራዩት ጌጦች ጋር ትሪው ላይ ይቀመጣል፣ ሲጨረስ እናነሳለን። ስለዚህ ቀኑን ግማሽ እጄ ላይ ነው፣ ግማሹን ትሪው ላይ። በግማሽ ቀን ግማሽ እህት ታገኛለሽ።

እመቤቲቱ ስለ ቁልፉ ከፋሲካ በኋላ እነግራችኋለሁ ብላለች። ጸልዪልኝ አልልሽም፤ ካውያን ለማሸነፍ ጸሎት ማባከን ነውር ነው።

ታላቅሽ

ሚያዝያ 17

እትዬ፣

ደህና ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ደህና መሆንሽን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መስኮቴ ፊት ሰልፍ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አንዲት ሴት ናት፣ ከሐኪም ቤት። «የልብ ሕመም ያለባት እህትዎ ወድቃ መጥታለች። ግንባሯ ደምቷል፣ ራሷን አታውቅም። የምትወስደውን መድኃኒት ስንት እንደሆነ ይነግሩናል?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። ቃሎቹን አንድ በአንድ እናገር ነበር፤ እንዴት እንደወጡልኝ አላውቅም። ከዚያ መጋረጃውን አወረድኩ። ሰዎቹ መስታወቱን ይደበድቡ ነበር። በደንብ ልብሴ፣ ያለ ቦርሳ፣ ወደ አንቺ የሚሄደው ባቡር ላይ ወጣሁ። ትኬት የምሸጠው እኔ፣ ትኬት አልነበረኝም።

ሞባይልሽ ዝግ ነበር። ባቡሩ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለቀብርሽ የትኛውን ቀሚስ እንደማለብስሽ። ሰማያዊውን ብዬ ቆረጥኩ። አንቺ ሰማያዊውን ትጠዪዋለሽ፤ ተከራክረሽኝ ነበር፣ በሐሳቤ ውስጥ።

መሃል መንገድ ላይ ባቡሩ ቆመ። አጠገብሽ ሰው እንዳለ ለመጠየቅ ወደ ሱቁ ስልክ ደወልኩ። ያነሳሽው አንቺ ነሽ። እየሳቅሽ ነበር። «እኔማ አንዷን ሙሽራ ቀሚስ ውስጥ እየጠቀጠቅኩ ነው» አልሽኝ።

ዘጋሁት። ወረድኩ። የመመለሻው ባቡር እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት መጥታ ማን ሞቶብሽ ነው አለችኝ፤ ማንም አልኳት።

እንዴት እንደሆነ መስማት አልፈልግም። ያው ትነግሪኛለሽ። የምጠይቅሽ አንድ ነው፤ ቁጥሬን ከዚያ ብረት ላይ አስወጪው። እንዲህ ያለ ስልክ ሁለተኛ ማንሳት አልችልም።

እህትሽ

ሚያዝያ 23

ሚጣዬ፣ የኔ እናት፣

ይቅርታ። አየሽ፣ በአንድ ቃል ጀመርኩ።

አሁን ደግሞ ልንገርሽ። አልፈልግም ብትይም ትሰሚኛለሽ፣ ምክንያቱም ጉድ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ዓርብ ዕለት አንዲት ቀጭን ሙሽራ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ቀጭን ስልሽ፣ ኮርሴቱ ውስጥ ለመግባት ብላ እህል የሚባል ነገር ከአፏ ካራቀች ሰንብታለች፤ ስታወራ እንኳ ቃሉን የምትበላው ይመስላል። እኔ የሌላ ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ በስፒል እየያዝኩ ነበር፣ አምባሬ ትሪው ላይ ነው። ልጅቷ ትሪውን አየችና ከዚያ ሁሉ የኪራይ ጌጥ መሃል አንዱን አነሳች። የቱን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል። «ይሄ ይሁንልኝ» አለች፣ ካውያ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ሰጠቻት። ካውያ በጥድፊያው የኔ መሆኑን አላስተዋለችም፤ እኔ ደግሞ አመሻሽ ላይ ትሪው ባዶ ሆኖ ሳገኘው ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ይሄን አልደብቅሽም።

ቅዳሜ ልጅቷ ፎቶ ልትነሳ ደረጃ ላይ ቆመች፣ ፎቶ አንሺው ቀና በይ አላት፣ ቀና አለች፣ ከዚያ ወደቀች። ርሃብና ኮርሴት፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቅንድቧ ተፈነከተ። ሐኪም ቤት ሲያደርሷት አንዷ ነርስ አበባዋን ገለጠች። አየሽ፣ ገለጠች፤ እነሱስ ሥራቸውን ያውቃሉ። አነበበችና ለአንቺ ደወለች፤ «ደሟ ካልተመረመረ ቁስሉን አንነካም» አሉ። በነርሷ ትከሻ ላይ ደግሞ ማን ቆሞ የሚያነብ ይመስልሻል? የሙሽራው እናት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህቺ ልጅ ናት። ሴትዮዋ በዚያው «የልብ በሽተኛ ደብቀው አስታቀፉን» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ስትነቃ «የኔ አይደለም፣ የኪራይ ነው» ብትል «ደባቂ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አለቻት። ሙሽራው? ሙሽራው አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር አሉ። ደሟ ተመርምሮ ደህና ነው ቢባልም ሴትዮዋ «ደም እንጂ ልብ መች ታየ» አለች። ሠርጉ ቆመ። ድግሱ በእንግዳው ሳይሆን በወሬው ተበላ።

ሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ሱቃችን መጣች። አምባሩን በመሐረብ ይዛው ነበር፣ በሽታ ይጋባ ይመስል። ልጅቷ ከኋላዋ፣ ቅንድቧ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በር ላይ ቆመች፤ መግባትም መሄድም አልቻለችም። «ይሄ የእናንተ ጌጥ ነው ወይስ የሷ?» ብላ ሴትዮዋ ብረቱን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። እመቤቲቱ አነበበችው። ቀይ መነጽሯን አውልቃ ድጋሚ አነበበችው። «የኛ አይደለም። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናከራይም» አለች። በኔ እጅ ላይ አይታ «ያምራል» ማለቷን ረስታዋለች።

ካውያ ታውቃለች። ሱቁ ውስጥ የላላችውን አበባ መልሼ ስሰፋ ያየች እሷ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ቁልፉ ያኔውኑ የሷ ነበር። ዓይኗን ካውያው ላይ ተክላ ያንኑ እጅጌ ደጋግማ ተኮሰችው፤ ሊቃጠል ደርሶ ነበር። ፈሪ ናት ብያለሁ ድሮም።

ልጅቷን አየኋት። አንገቷ ከቬሎ ውጭ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ዓርብ አላስተዋልኩም ነበር።

«የኔ ነው» አልኩ። «የልብ በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ምስክር ካስፈለገ» ብዬ ክኒኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሴትዮዋ ፊት አስቀመጥኩ፤ «እርስዎም አንድ ቢወስዱ አይጎዳዎትም፣ ደምዎ ሳይረጋ አልቀረም» አልኳት። ባልጨምረው ይሻል ነበር። ግን ሚጣ፣ ፊቷን ብታዪው። እኔ ለፊቷ ስል ሌላ ሱቅም እሰጥ ነበር።

ልጅቷ አለቀሰች። ሙሽራው ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ቀን ይቆርጣሉ አሉ። እኔ ብሆን እናቱን አይቼ ሰውየውን እመልሰው ነበር።

ስልኩን ስትዘጊብኝ መስመር የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ታላቅሽ

ግንቦት 15

ሚጣዬ፣

የላክሽው ደብዳቤ አንድ መስመር ነው። «ቁጥሬ ወጣ ወይ?» ለፖስታው እንኳ አላዘንሽም?

አልወጣም። ጊዜ አላገኘሁም፣ የሠርግ ሰሞን ነው፣ እግሬን እንኳ የማሳርፍበት ጊዜ የለኝም። ደግሞ ምን ያስቸኩላል፣ አሁን አላደርገውም። ይኸው ተገላገልሽ። መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከጎዶሎዎቹ ጋር።

ለምን ሳቅሽ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ጠይቀሽኛል። በአንቺ አልነበረም። የምለካት ሙሽራ ትንፋሿን ስባ «አሁን ዝጊው» ስትለኝ ስልኩ ጮኸ፣ ሳነሳው ሳቁ ገና አፌ ውስጥ ነበር። የአንቺን ድምፅ ስሰማም የሳቅሁት አንቺ ስለሆንሽ ነው። አንቺ ደውለሽ አታውቂም። ደስ አለኝ። ይሄው ነው።

ወሬ ልንገርሽ። ቁልፉ ለካውያ ተሰጠ። እኔም አልተባረርኩም፣ የሠርግ ሰሞን ሆኖ ሙሽራ የሚያለብስ እጅ ጠፍቶ ነው። እመቤቲቱ ጠራችኝና «አንቺ ለጤናሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል» አለችኝ፣ ልጄ ብላኝ የማታውቅ ሴት እጄን ይዛ። «ለጤናዬ መስታወት ጥሩ ነው ብሎኝ ነበር ዶክተሩ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ» አልኳት። አልገባትም። ብዙ ነገር አይገባትም፤ ሀብታም የሆነችውም ስላልገባት ነው።

ካውያ ቁልፉን ስትቀበል አላየኝም። እኔ ግን አየኋት፤ «ፉስ» እንኳ አላለችም።

ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ቢሆንም።

ታላቅሽ

ሰኔ 8

ሚጣ፣

ወጥቷል። ቁጥርሽ ወጥቷል። እንዳላስቸግርሽ ይህን ወሬ አስቀድሜ ነገርኩሽ፣ የቀረውን ካልፈለግሽ አታንብቢው።

አላደርገውም ብዬሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ፣ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ልቤ እንደለመደው አንድ ምት ዘለለ። ከዚያ ሌላ ዘለለ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አልወደቅኩም፣ ማለፉም ቶሎ ነበር። ነገር ግን ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ እኔን እንደዚህ የሚያገኘኝ ሰው ምን እንደሚያውቅ አሰብኩ። ምንም። አንዲት አፈኛ ሴት ዝም ብላ ተኝታለች ይላል፤ ያንን ራሱ ማንም አያምንም።

ብረቱን አወጣሁትና ሳቲኑን በመቀስ ቀደድኩት። ሉሉን አንድ በአንድ ፈታሁ። አምሮ ነበር፣ ውሸት ምን አመጣው። ግን ያማረው ሰው እንዳያነበው ነው።

ማኅተምና ቁልፍ የሚቀርጽ ሽማግሌ አለ፣ ሱቁ ሁለት ሰው ቁሞ ሦስተኛው የሚያስነጥስበት ቦታ የለውም። ብረቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ስስ ነው፣ ከተፋቀ ይበሳል። ሌላ ልቁረጥልሽ» አለኝ። ቁረጥ አልኩት። በብረቱ ፊት ላይ ያንኑ የሕመሜን ጽሑፍ ጻፈ። ከዚያ ማሽኑን ሳያጠፋ «ለማን ይደወል?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

ማሽኑን አጠፋው። ሰውየው እኔ ዝም ስል የመጀመሪያው ምስክር ነው፤ ዕድሉን አላወቀም። ቆሜ ሰው ፈለግኩ። የፊቱ ባሌ፣ ቢደውሉለት «ተሳስታችኋል» ብሎ የሚዘጋ ነው፣ ሲያገባኝም ያው ነበር የሚለው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ከመምጣቷ በፊት ሞቴን ለሰፈር ታደርሳለች። እመቤቲቱ፣ «ቬሎው ደም ነካው ወይ?» ትላለች። አንዱን ሳነሳ የሰደብኩት ስድብ አብሮ ይነሳል፣ ሌላውን ሳነሳ የሱም። ስድቦቹ ሁሉ ልክ ነበሩ ሚጣ። አንዱንም አልመልስም። ግን ልክ በመሆኔ ማንም ሊደወልለት የሚችል ሰው አልቀረም።

«ነገ ልምጣ» አልኩት።

ከዚያ ወደ አዲሱ ሱቅ ሄድኩ። መስታወቱ እንዳልኩሽ ነው፤ ከገቡ መውጫው አይገኝም። ካውያ ብቻዋን አዲስ ቬሎ ታንጠለጥል ነበር፣ ጭራው ወደተሳሳተ አቅጣጫ ዞሯል። አዞርኩላት። ወሬውን ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም፣ አየሽ እኔ። «አንድ ቀን ብወድቅና ቢደውሉልሽ ታነሻለሽ?» አልኳት።

«ስልኬን ማታ ማታ አጠፋዋለሁ» አለችኝ።

እኔም እንዲህ ያለ መልስ ይገባኛል ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። በሩን ሳይሆን ራሴን አገኘሁ፤ መስታወት ነው። ከኋላዬ «ከዛሬ ጀምሮ አላጠፋውም» አለች። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ «ካውያ የምትሉት እኔን ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ድሮ በነበርኩበት ሱቅ ደግሞ እንፋሎት ነበር የሚሉኝ» አለች። ሳቀች ሚጣ። ድምፅ አላት። ያቺ ሴትዮ በመጣች ሰኞ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት፤ «የሰው በሽታ የሰው ነው፤ ባለቤቱ ነው የሚናገረው» አለችኝ። ለዚህች ሴት ፈሪ ናት ብዬ ጽፌልሻለሁ። አሁንም ልብስ አያያዟ አይረባም፣ እሱን አልመልስም።

በማግስቱ ሽማግሌው የሷን ቁጥር ቀረጸው። እጄ ላይ ነው፤ ያለ ሉል፣ ያለ ሳቲን፣ የድሃ ውሻ ሆኖ። ቱል ስይዝ በቀጭን ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ እንጂ አላወልቀውም። እመቤቲቱ «እጅጌሽን ወደ ታች ሳቢው፣ ሙሽራ ታየዋለች» ብትለኝ «ታየው፣ ከምታነበው ሁሉ እውነት ያለው ይሄ ነው» አልኳት። ትላንት አንዷ ሙሽራ ምንድነው አለችኝ፤ «አንብቢው» አልኳት። አነበበችና «ያምሻል?» አለችኝ። «ከአንቺ ኮርሴት አይብስም» ብዬ ሁለት ማሰሪያ ላላ አደረግኩላት።

ስለዚህ አሁን ስልክሽ በሰላም ያርፋል። ሰማያዊውን ቀሚስ ለሰው ሰጥቼዋለሁ፣ እንዳታስቢው።

ታላቅሽ

ሰኔ 21

እትዬ፣

ደብዳቤሽን መስኮቴ ላይ ሰው ቆሞ ሳለ አነበብኩት። ሰውየው ባቡር አመለጠው፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ቤት ወስጄ ደግሜ አነበብኩት።

ካውያ የምትባለው ሴት ማን ናት? ከየት መጣች? ስሟን እንኳ አታውቂም። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድገሽ፣ በእኔ ጎን ያለውን ብርድ ልብስ እየሳብሽ አድገሽ፣ አንቺ ስትወድቂ መጀመሪያ የምትሰማው ልብስ ተኳሽ ልትሆን ነው? እኔ ደግሞ ማን ይነግረኛል፣ እሷ? ድምፅ የላትም ብለሽ ነበር። «ፉስ» ብላ ነው የምታረዳኝ?

አስወጪው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ታላቅ እህት መታዘዝ የጀመረችው በየትኛው ቀን ነው? ስድሳ ነገር ነግሬሽ አንዱንም ሳትሰሚ ኖረሽ ይሄን ሰማሽ።

ሰሞኑን ሞባይሌን ቀይሬያለሁ። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አሮጌው ሲጮህ ማንሳት አቃተኝ። አዲሱ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ግርጌ አለ። ለማንም አልሰጠሁትም፤ ከጮኸ ያንቺ ነው። ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ፣ ስተኛ ራስጌዬ ነው።

ሽማግሌውን ሌላ ብረት ይቁረጥ በዪው። ሰፋ ያለ። ያቺ ሴትም ትቅር አላልኩም፣ አጠገብሽ ናት፣ ቶሎ ትደርሳለች፣ ትኑር።

የኔ ግን ከላይ ይሁን።

ሚጣ